የጋይንት ቤተልሔምና የዩኒኮድ ቃል ኪዳን

ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር፣ ትምህርቱን በእስቴ ወይም በስማዳ፣ በጎጃም ወይም በሸዋ ቢፈጽምም፣ በመምህርነት እንዲታወቅ ሲሻ በልማዱ ወደ ጋይንት ሄዶ በቤተልሔም ያስመሰክራል። ለዝማሬና ለመዋሥዕት ደግሞ ምስክሩ እዚያው ጋይንት ውስጥ ዙር አምባ ነው። ሊያስመሰክር የመጣው የያዘውን ድጓ ከቤተልሔሙ ጋር እያስተያየ፣ ከቃሉ በላይ ያሉት ምልክቶች ሳይቀሩ ያርማል። የቆማ፣ የአጫብርና የተጉለት ስልቶች ባይጠፉም፣ መጽሐፉ የሚለካበት አንድ ስፍራ መኖሩ በሩቅ ያለውን መምህር ከሥጋት አድኖታል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄም ይኸው ነው፤ አንዱ ሥራ በሌላው ላይ ሲመረኮዝ፣ የተመረኮዘው ወገን የነገ ሥራውን በምን ተማምኖ ያቅዳል? ዛሬ ይህ ጥያቄ ድጓን በኮምፒዩተር ለማስጻፍ የሚደክመው የሶፍትዌር ሠሪም ጥያቄ ሆኗል።

ዜማው በስድስተኛው መቶ ዓመት ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ምልክቱን ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (ከ1540 እስከ 1559፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት ይነገራል። ስምንቱ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ ናቸው፤ በፊደል የሚጻፉት ድርስና አንብር ሲጨመሩ አሥር ይሆናሉ።

ኮምፒዩተር የአማርኛ ጽሕፈት ሲጀምር እንዲህ ያለ መመስከሪያ አልነበረውም። ለአንድ ፎንት የሚሰጠው ስፍራ ከ256 ስለማይበልጥ ፊደላችን አልገባበት አለ። ስለዚህ አንዱ ፎንት ሠሪ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ሲያካፍል፣ ሌላው ከቁርጥራጭ ሲገጣጥም፣ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ማንም የማያነበው ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር።

የዓለምን ፊደላት በአንድ ሠንጠረዥ የሚያሰፍረው ዩኒኮድ በመስከረም 1999 ባወጣው ዕትም 3.0 ላይ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትን፣ አኃዞችንና ነጥቦችን ተቀበለ። ከሠንጠረዡ ይልቅ ግን እኛ ትልቅ ነገር ሆኖ ያገኘነው አብሮት ያለውን ቃል ኪዳን ነው። አንድ ጊዜ የሰፈረ ፊደል አይነሣም፣ ስፍራው አይዛወርም፣ ስሙም አይለወጥም፤ መጨመር ብቻ ይፈቀዳል። ቃሉ የተገባው ከመከራ በኋላ ነው። በ1996 በወጣው ዕትም 2.0 የኮሪያ ፊደላት ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረው ስለነበር፣ ቀድሞ በተጻፈውና ኋላ በተጻፈው መካከል ስምምነት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው እንዳይደገም ተወሰነ። ዋጋው ስሕተትም አብሮ መኖሩ ነው። በመጋቢት 2005 በወጣው ዕትም 4.1 በአንድ የቅንፍ ስም ውስጥ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተዟዙረው ታትመዋል፤ እስከ ዛሬ እንደዚያው ናቸው፣ የታረመው ስም በጎን ተጽፎላቸዋል። ብራና ቢሆን ኖሮ በቢላዋ ተፍቆ ይታረም ነበር።

የዜማ ምልክቶችም የገቡት በዚሁ በ4.1 ነው። ቁጥራቸው አሥር ነው፤ ነገር ግን አሥሩ የመምህራኑ አሥር አይደሉም። ስምንቱ በስማቸው አሉ፤ በድርስና በአንብር ፈንታ አጭር ርክርክና ደረት ሂደት የሚባሉ ሁለት ገብተዋል። ድርስና አንብር ፊደል በመሆናቸው ቀድሞውኑ በሠንጠረዡ ስለነበሩ የጎደለ የለም እንላለን፤ የሁለቱን አቆጣጠር አንድ ነው ብሎ የሚያስተምር ግን ይሳሳታል።

አሁን ወደ ሠሪው ዕቅድ እንመለስ። በብዙ ሶፍትዌር ልማድ የዕትሙ የመጀመሪያ ቁጥር ሲለወጥ የቀድሞው ሥራ ሊፈርስ ይችላል ማለት ነው። በዩኒኮድ ግን ከ4 ወደ 5፣ ከ13 ወደ 14 መሄድ በቦታው ያለውን ፊደል አያናውጥም። ስለዚህ የድጓ ሶፍትዌር ሠሪ «ከ4.1 ወዲህ ያለው ሁሉ ይበቃኛል» ብሎ ወለሉን አንድ ጊዜ ይወስናል፤ በየዓመቱ አዲስ ዕትም በወጣ ቁጥር የራሱን ቁጥር መቀየር አይገባውም። ጉራጌኛ ለሚያስጽፈው ግን ወለሉ ሌላ ነው። ለጉራጌ ቋንቋዎች የተጨመሩት 28 ፊደላት የገቡት በ14.0 ነው፤ ይህም ዕትም ለመጋቢት 2021 ታስቦ ሳለ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ መስከረም ተላልፏል። በዩኒኮድ ላይ የሚመረኮዘውና ብዙ ሶፍትዌር የሚጠቀምበት አይሲዩ የተባለው ቤተ መጻሕፍት በዕትም 70 አዲሶቹን ፊደላት የያዘው በዚያው ዓመት በጥቅምት ነበር። መጋቢትን ቆጥሮ ለደንበኛው ቀን የሰጠ ሠሪ ስድስት ወር ይጠብቃል፤ አለዚያም ለግል በተተወው ስፍራ ፊደሉን አስፍሮ ኋላ የተጻፈውን ሁሉ ይለውጣል። ቃል ኪዳኑ የገባውን እንጂ የሚገባበትን ቀን አይጠብቅም።

ለድጓ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በብራናው ላይ ምልክቱ ከቃሉ በላይ በደቂቅ ይጻፋል፤ በዩኒኮድ ግን አሥሩም በላይ የሚደረቡ ሳይሆኑ ለብቻቸው የሚቆሙ ምልክቶች ተብለው ሰፍረዋል። በየትኛው ፊደል አናት ላይ እንደሚወጡ የሚያደርገው የጽሕፈት ሶፍትዌሩ ነው፤ ስለዚህም ሠሪው አሰላለፉን በለወጠ ጊዜ፣ ዩኒኮድ ምንም ባይለወጥ እንኳ፣ የራሱን የመጀመሪያ ቁጥር መለወጥ ያለበት እሱ ነው።