ጨርጨርን የገዙት ሐኪም

በበደሳ ከተማ የምንኖር ተማሪዎች፥ የሰው ሕመም ሲጸና «ወደ ጭሮ ውሰዱት» ሲባል እየሰማን አድገናል። መኪና ከመግባቱ በፊት ሕመምተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ የሚያደርሰው የሰፈሩ ጎልማሳ ነበር። በአገራችን መጀመሪያ ዘመናዊ ሕክምና የተማሩት ኢትዮጵያዊ ይኽንኑ አውራጃ መግዛታቸውን ባወቅን ጊዜ ታሪካቸውን ለመጽሔታችን ልንጽፍ ወደድን።

እኒኽ ሰው አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲሞቱ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበሩ። የእንግሊዝ መኰንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸውና ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ፤ በላሆር ሕክምና ተምረውም በበርማ አገር ሠሩ። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመጡ አማርኛውን ረስተውት ነበር። በአዲስ አበባ በድንኳን ውስጥ ሕመምተኛ ሲያክሙ ሳሉ፥ አያታቸው መጥተው በሰውነታቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ለዩዋቸው ይባላል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930 ዓ.ም. የጨርጨር ገዥ ሆነው በአሰበ ተፈሪ፥ በዛሬዪቱ ጭሮ፥ ተቀመጡ። አውራጃው ለሌሎቹ ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ ነበርና ለሹማምንት ደመወዝ መቁረጥ፥ መንገድ ማስጠረግና ትምህርት ቤት ማቋቋም ሥራቸው ሆነ። ከመካከላችን አንዱ «ሐኪም ሆነው ሳለ ስለ ምን መርፌውን ትተው መንገድ ያስጠርጋሉ?» ብሎ ጠየቀ፤ ክርክሩም ብዙ ቆየ። እኛ ግን የጨርጨርን ገደል የሚያውቅ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም እንላለን። ምጥ የያዛት እናት በክረምት ጭቃ መካከል ከቀረች የሐኪሙ በጭሮ መቀመጥ ምን ይጠቅማታል? የባቡሩም ሐዲድ በሚኤሶ ቆላ ያልፍ ስለ ነበረ፥ ድሬዳዋ ለመድረስ አስቀድሞ ከደጋው መውረድ ግድ ነበር።

ኢጣልያ አገራችንን ስትወር አዛዥ ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ መልክተኛ ነበሩ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች ሁለቱን ልጆቻቸውን፥ ዮሴፍንና ቢንያምን፥ ገደሉባቸው። እርሳቸው በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በጎንደር የጤና መኰንኖችን የሚያስተምር ኮሌጅ ተከፈተ፤ ምሩቃኑም ወደየጤና ጣቢያው ተላኩ። ዛሬ በጭሮም በገለምሶም ሆስፒታል አለ፤ በየቀበሌውም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እናቶችን በየቤታቸው ይጐበኛሉ። በደሳ በሁለቱ ከተሞች መካከል ስለ ሆነች፥ ከፍ ያለ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው በተገኘ ጊዜ ቤተ ዘመድ የትኛው ይሻላል እያለ ይከራከራል። ጫት ጭኖ የሚበር መኪና ከቆመላቸው ግን ክርክሩ ያበቃል፤ መኪናው ወደሚኼድበት ይኼዳሉ።