«ውዝግብ የለም» የሚለው ማነው? መንግሥታት ስለ ባሕር ሲከራከሩ የሚመርጧቸው ቃላት

ዛሬ የምናወራው ስለ ባሕር ነው። ስለ ጦር መርከብ ግን አይደለም፤ መንግሥታት በባሕርና በደሴት ሲጣሉ ስለሚመርጧቸው ቃላት ነው። ቃሉን በጥንቃቄ የሰማ ሰው ካርታ ሳይገልጥ ደሴቱን ማን እንደያዘው፣ ማን እንዳጣው ሊያውቅ ይችላል።

እስቲ ከሩቅ እንጀምር፣ ከጃፓን። እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2012 የደቡብ ኮሪያው ፕሬዚዳንት ሊ ምዩንግ ባክ፣ ኮሪያውያን ዶክዶ፣ ጃፓኖች ደግሞ ታኬሺማ በሚሏቸው ድንጋያማ ደሴቶች ላይ ወጡ። ደሴቶቹን በእጇ የያዘችው ኮሪያ ናት። ቶኪዮ ተቆጥታ አምባሳደሯን ጠራች፤ ነገሩን በሄግ ወዳለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እንውሰደው ስትልም ጠየቀች። በ1954 እና በ1962ም ይህንኑ ጠይቃ ነበር። የሴኡል መልስ አጭር ነው፦ የግዛት ውዝግብ የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ጉዳይ የለንም።

ሴፕቴምበር 11 ቀን፣ ማለትም ከአንድ ወር በኋላ፣ ያው የጃፓን መንግሥት በምሥራቅ ቻይና ባሕር ካሉት የሴንካኩ ደሴቶች ሦስቱን ከግል ባለቤታቸው በ2.05 ቢሊዮን የን ገዛ። ቻይና ደግሞ ዲያዩ ብላ የምትጠራቸው የእኔ ናቸው የምትላቸው ደሴቶች ናቸው። ቤጂንግ ውዝግብ አለ ስትል ቶኪዮ ምን አለች? መፍትሔ የሚያስፈልገው የግዛት ውዝግብ የለም! ልብ በሉ፣ አንድ መንግሥት ነው፣ በአንድ ወር ውስጥ ነው። ላም አለኝ በሰማይ በሆነበት ደሴት ላይ ውዝግብ አለ፣ ፍርድ ቤት እንሂድ ይላል፤ በእጁ ባለው ላይ ደግሞ ውዝግቡ ራሱ የለም ይላል። በዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ ስንማር ለዚህ ዓይነቱ ነገር ረጃጅም ስሞች ተሰጥተውን ነበር። የወሰን ክርክር ያየ ገበሬ ግን ያለ ዲግሪም ያውቀዋል፤ መሬቱን የሚያርሰው ሰው ሽማግሌ ይሰየም ብሎ አይለምንም።

ሁለተኛው ቃል «ከጥንት ጀምሮ» የሚለው ነው። ቻይናም ጃፓንም ስለ እነዚያው ደሴቶች ከጥንት የራሳችን የሆነ ግዛት የሚል አንድ ዓይነት ሐረግ ይጠቀማሉ። ይህ ቃል የሚነገረው ለዳኛ ሳይሆን ለአገር ውስጥ ጆሮ ነው። በደቡብ ቻይና ባሕር ጉዳይ፣ ፊሊፒንስ በከፈተችው ክስ የግልግል ችሎቱ ጁላይ 12 ቀን 2016፣ ቻይና በካርታዋ ባሰመረችው የሰረዝ መስመር ውስጥ አለኝ ለምትለው ታሪካዊ መብት ሕጋዊ መሠረት የለውም ብሎ ወሰነ። ቤጂንግም ውሳኔው ዋጋ ቢስ ነው ብላ አልተቀበለችውም። እንዴትስ ትቀበል? ሕዝቧን የማያከራክር ሉዓላዊነት አለን እያለች ለዓመታት ስትነግረው ኖራ፣ በማያከራክር ነገር ላይ ተከራክሬ ተረታሁ ልትለው ነው? ለማስፈራሪያ የተመረጠው ቃል መልሶ ተናጋሪውን አሰረው።

አሁን ወደ ሰፈራችን፣ ወደ ቀይ ባሕር እንምጣ። የሐኒሽ ደሴቶች ከባብ ኤል መንደብ በስተሰሜን፣ በኤርትራና በየመን መካከል የሚገኙ፣ ቋሚ ነዋሪ የሌላቸው ደረቅ ደሴቶች ናቸው። በ1995 መጨረሻ በትልቁ ሐኒሽ ላይ በየመን ፈቃድ የሆቴልና የጠላቂ ዋናተኞች መዝናኛ ግንባታ ተጀመረ። አሥመራ ልቀቁ አለች። ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ለሦስት ቀናት ውጊያ ተደረገ፤ የኤርትራ ጦር ደሴቱን ያዘ፣ የየመን ወታደሮችም ተማረኩ። ከዚያ በኋላ ግን፣ ለአካባቢያችን እንግዳ በሆነ ሁኔታ፣ ሁለቱም በፈረንሳይ ሸምጋይነት ወደ ግልግል ዳኝነት ሄዱ።

ለንደን ላይ በሰር ሮበርት ጄኒንግስ ሰብሳቢነት አምስት ዳኞች ተቀመጡ። የመን ከኢማሞቹ ዘመን የወረስኩት ጥንታዊ መብት ነው አለች። ኤርትራ ደግሞ ከጣሊያን ወደ ኢትዮጵያ፣ ከኢትዮጵያ ወደ እኔ የተላለፈ ነው ብላ ተከራከረች። አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል፤ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በደሴቶቹ ዙሪያ ያደረገው ቅኝት የኤርትራ ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል። ዳኞቹ በ1923 በሎዛን የተፈረመውን ውል ሳይቀር አገላበጡ፤ ቱርክ ደሴቶቹን ስትለቅ ለማን እንደሚሆኑ ሳይወሰን እንደቀረ አዩ። በመጨረሻም በአንዱም ወገን የጥንት ታሪክ ላይ አልተደገፉም። ያመዘነው ያለፉት ጥቂት ዓመታት ተግባር ነበር፤ በደሴቶቹ ላይ ማን ፈቃድ ሰጠ፣ ማን ጥበቃ አቆመ፣ ለመርከብ መንገድ የሚያሳየውን የመብራት ማማ የመንከባከቡን ኃላፊነት ማን ተረከበ የሚለው። ኦክቶበር 9 ቀን 1998 ዙቀርና ሐኒሽ፣ ጀበል አል ጠይርና ዙበይርም ለየመን፣ ለኤርትራ ጠረፍ የሚቀርቡት ትንንሾቹ ደሴቶች ደግሞ ለኤርትራ ተወሰኑ። ያን ጊዜ አሥመራ ከእኛ ጋር በባድመ ጦርነት ላይ ነበረች። ሐኒሽን ግን ያለ አንድ ጥይት አስረከበች።

በዚያ ፍርድ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሌላ ነገር አለ። ዳኞቹ ሉዓላዊነቱን ለየመን ከሰጡ በኋላ፣ የሁለቱም አገር ባህላዊ አሣ አጥማጆች እንደ ድሮው በዚያ ውኃ ላይ በነፃ እንዲሠሩ ወሰኑ። ሁለቱ መንግሥታት የእኔ፣ የእኔ ሲባባሉበት የነበረው ባሕር ለአሣ አጥማጁ ከመጀመሪያውም የጋራ ነበር። ይህ አንቀጽ ግን በወረቀት ላይ እንዳለው ሆኖ አልቆየም፤ የየመን አሣ አጥማጆች በኤርትራ ኃይሎች ተያዙ፣ ጀልባቸውን ተነጠቁ የሚለውን ዜና ከዚያም በኋላ ደጋግመን ሰምተናል።

ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ የምላችሁ ስለ ሐኒሽ ብቻ አይደለም። ከ2023 ኦክቶበር ወዲህ በአገራችን ስለ ባሕር ብዙ ይነገራል። አንዳንዴ «የባሕር በር»፣ አንዳንዴ «ወደብ»፣ አንዳንዴ «የባሕር ተደራሽነት»፣ አንዳንዴም «የህልውና ጉዳይ» ይባላል። ሦስቱ ቃላት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወደብ መጠቀም በኪራይ ውል ያልቃል። ተደራሽነት የመተላለፊያ ስምምነት ነው። በባለቤትነት የተያዘ የባሕር በር ግን የሌላ አገር መሬት ነው። አራተኛው ቃል፣ «ህልውና»፣ ከሦስቱ የትኛው እንደተፈለገ ሳይለይ ሁሉንም ይሸፍናቸዋል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው፣ በህልውና ላይ ድርድር የለማ!

ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 አዲስ አበባና ሐርጌሳ የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረሙ ሐርጌሳ ዕውቅና አገኘሁ አለች፤ አዲስ አበባ ደግሞ ዕውቅና የመስጠቱን ጉዳይ በጥልቀት እመረምራለሁ አለች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 11 አንካራ ላይ ከሞቃዲሾ ጋር በወጣው መግለጫ የኢትዮጵያ ተደራሽነት በሶማሊያ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር እንደሚሆን ተጻፈ። የአንካራውን መግለጫ ማንም ፈልጎ ማንበብ ይችላል። የጃንዋሪውን ሰነድ ሙሉ ቃል ግን መንግሥት ለሕዝብ አላወጣም፤ በስሙ የተፈረመለት ሕዝብ ሊያነበው ይገባ ነበር።