የተሰነጠቀ ተረከዝና የስብ አልኮል ታሪክ

ከወላይታ ሶዶ በስተሰሜን ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አረካ እንሰትና ጎደሬ በሚያበቅል ቀይ አፈር ላይ ተቀምጣለች። በእንዲህ ዓይነቱ ደጋማ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ግን ለፖዶኮኒዮሲስ ይጋለጣል። ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል ይገባል፤ የሊምፍ ቧንቧዎች ይቆጣሉ፤ እግሩ ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ የበሽታውን ስርጭት 5.46 በመቶ አድርጎታል። ስለዚህ እዚህ የቅባት ጉዳይ ከፊት ውበት ይልቅ የተረከዝ ነው።

የአገሬው ጥንታዊ ቅባት ቅቤ ነው፤ ለጸጉርም ለገላም ይውላል። ቅቤ ቆዳን ያለሰልሳል፤ ከውሃ ጋር ግን አይዋሃድም። ዘይትና ውሃ ሳይለያዩ በአንድ ክሬም ውስጥ እንዲቆዩ የሚያግዘው የስብ አልኮል ነው። ረጅሙ የካርቦን ሰንሰለቱ ዘይት ይወዳል፤ አንዱ ጫፉ ወደ ውሃ ያዘነብላል። ሴቲል 16፣ ስቴሪል 18 ካርቦን አላቸው። ሁለቱም ነጭ ሰም መሳይ ጠጣር ናቸው፤ እንደ ኢታኖል በንነው ቆዳ አያደርቁም፤ ክሬሙን ያወፍራሉ፤ ቆዳውን ያለሰልሳሉ።

ሴቲልን በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያገኘው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ሼቭረል ነው፤ ምንጩም ከዓሣ ነባሪ ጭንቅላት የሚወጣ ሰም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 ጀርመን ውስጥ የተሠራው ኒቪያ ደግሞ ከበግ ጸጉር ሰም በተገኙ አልኮሎች ዘይትና ውሃን አስታርቋል። የንግድ ዓሣ ነባሪ አደን እ.ኤ.አ. በ1986 ሲታገድ፣ የስብ አልኮል ኢንዱስትሪው ወደ ፓልምና ኮኮናት ዘይት እንዲሁም ወደ ነዳጅ ዘይት ከዞረ ቆይቶ ነበር።

ይህ ኬሚስትሪ ወላይታ ከደረሰባቸው መንገዶች አንዱ ዊትፊልድ የተባለው የቆዳ ቅባት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዞኑ በዚሁ የእግር በሽታ ላይ የሠራው የሞሲ ፉት ማኅበር እግርን በሳሙናና በበረኪና መታጠብን፣ ዊትፊልድን፣ ካልሲንና ጫማን አጣምሮ ይሰጥ ነበር። በብሪታንያ ፋርማኮፒያ ቀመር መሠረት የዊትፊልድ 6 በመቶ ቤንዞይክ፣ 3 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ነው፤ ፈንገስን የሚዋጉትና የጠነከረ ቆዳን የሚያላሉት እነዚህ ናቸው። ቀሪው 91 በመቶ መሠረቱ ነው። የመሠረቱ 30 በመቶ ኢመልሲፋይንግ ሰም ሲሆን፣ ከዚህ ሰም ዘጠኝ አሥረኛው የሴቲልና የስቴሪል ድብልቅ የሆነው ሴቶስቴሪል አልኮል ነው። ሲሰላ ከጠቅላላው ቅባት ሩብ ያህሉ የስብ አልኮል ይሆናል። መድኃኒቱ የሚሠራው በአሲዶቹ ነው፤ እነሱን ከሚሸከሙት አንዱ ግን ይህ ሰም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ በኢትዮጵያ ታማሚዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ደግሞ ከቀድሞው ባነሰ የእግር መዘፍዘፊያ ውሃ ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን መጨመር የቆዳን የመከላከል አቅም ይበልጥ እንደሚያሻሽል አሳይቷል። የቅባቱም የግሊሰሪኑም አቅጣጫ አንድ ነው፤ ቆዳው ውሃውን ከያዘ ስንጥቁ ይጠባል፣ የአፈሩም መግቢያ አብሮ ይጠባል። ቅባት ግን ብቻውን አይበቃም። በየቀኑ የሚታጠብ እግርና የማይቋረጥ ጫማ ከሌለ፣ የቱንም ያህል የረቀቀ ቀመር ቀዩን አፈር አያስቆመውም።