የኢላሪያ አልፒ ግድያ

ኢላሪያ አልፒ (1961–1994 እ.ኤ.አ.) የጣሊያን ሕዝባዊ ብሮድካስት ድርጅት «ራይ» ሦስተኛ ጣቢያ የዜና ዘጋቢ ነበረች። መጋቢት 11 ቀን 1986 ዓ.ም. (ማርች 20 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.) ከካሜራ ባለሙያው ሚራን ህሮቫቲን ጋር ሞቃዲሾ ውስጥ ተገደለች። ያስገደላቸው ማን እንደሆነ የጣሊያን ፍትሕ እስካሁን መልስ አልሰጠም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወትና ሥራ

ኢላሪያ ሮም ተወለደች። ዓረብኛ ተምራ ካይሮ ኖራለች፤ ከዚያም ለጣሊያን ጋዜጦች ጽፋለች። ከ1992 መጨረሻ ጀምሮ ወደ ሶማሊያ እየተመላለሰች ጦርነቱን፣ ረሃቡንና የዓለም አቀፉን ጦር ተልእኮ ዘግባለች። የሶማሊያን ሴቶች ችግር መስማትና ማሰማት የሥራዋ ዋና ክፍል ነበር።

ግድያው

ሁለቱ ጋዜጠኞች የተገደሉት ከሰሜናዊቷ የወደብ ከተማ ቦሳሶ በተመለሱበት ዕለት ነው፤ የጣሊያን ጦርም በዚያው ሰሞን ከሶማሊያ እየወጣ ነበር። ታጣቂዎች የመኪናቸውን መንገድ ዘግተው ተኮሱባቸው። ሾፌሩና ጠባቂያቸው ተርፈዋል።

የሕዝቡ ጥርጣሬ

ኢላሪያ ቦሳሶ ላይ ለአንድ የአካባቢው ሱልጣን ካነሳቻቸው ጥያቄዎች መካከል በጣሊያን የልማት እርዳታ ለሶማሊያ የተሰጡት የዓሣ ማጥመጃ መርከቦች ይገኙበታል። መርከቦቹ ለጦር መሣሪያ ዝውውርና ለመርዛማ ቆሻሻ ንግድ ይውላሉ የሚል ጥርጣሬ ስለነበር፣ ብዙ ጣሊያናውያን የተገደለችው ይህን ስለመረመረች ነው ብለው ጠረጠሩ። አስከሬኗ ጣሊያን ሲደርስ በወቅቱ ሙሉ ምርመራ አለመደረጉ፣ ከማስታወሻ ደብተሮቿም የጠፉ መኖራቸው ጥርጣሬውን አባባሰው። በካርሎ ታኦርሚና የተመራው የፓርላማ አጣሪ ኮሚሽን በ2006 የኮንትራት ግድያ አይደለም የሚል ድምዳሜ ላይ ቢደርስም፣ የኮሚሽኑ አናሳ አባላት አልተቀበሉትም፤ ቤተሰቡም እንዲሁ።

የፍርድ ሂደት

ሶማሊያዊው ሐሺ ኦማር ሐሰን በ1998 ጣሊያን የሄደው የጣሊያን ወታደሮች በሶማሊያ ፈጸሙት ስለተባለው በደል ሊመሰክር ነበር፤ ነገር ግን በግድያው ተከሶ ታሰረ። በመጀመሪያው ፍርድ ነፃ ቢባልም በይግባኝ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ኋላ ወደ 26 ዓመት ዝቅ አለ። ዋናው ምስክር የመሰከረው ሐሰት መሆኑን ካመነ በኋላ፣ የፔሩጃ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2016 ሐሺን ነፃ አወጣው፤ ከ3 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ካሳም ተወሰነለት። ሐሰተኛ ምስክርነት የአንድን ንጹሕ ሰው ወጣትነት በልቷል፤ እውነተኞቹን ገዳዮች ለመፈለግ ይውል የነበረውንም ጊዜ አባክኗል። ሐሺ በ2022 ሞቃዲሾ ውስጥ መኪናው ላይ በተጠመደ ቦምብ ተገደለ።

ቅርስ

ወላጆቿ ጆርጆና ሉቺያና አልፒ እስከ ዕለተ ሞታቸው ፍትሕ ሲጠይቁ ኖረዋል፤ አባቷ በ2010፣ እናቷ በ2018 አርፈዋል። በስሟ ለምርመራ ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ሽልማት ተቋቁሞ ነበር፤ በ2003 ደግሞ ታሪኳን የሚተርክ ፊልም ወጥቷል። ሕዝቡ ጥርጣሬውን የያዘው ወሬ ወዶ ሳይሆን መንግሥቱ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ሳይመለሱ ስለቀሩ ነው።