ከመኖሪያው በፊት መቅደሱን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በካምብሪጅሸር ገጠር፣ ሊትል ጊዲንግ የምትባል ጥቂት ቤቶች ብቻ ያሏት መንደር አለች። ትንሽ ብትሆንም ታሪኳ ሊነገር የሚገባው ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1625 ለንደን በወረርሽኝ ስትጨነቅ፣ ኒኮላስ ፌራር ከቤተሰቡ ጋር ወደዚህች መንደር መጣ። በካምብሪጅ የተማረ፣ የአገሩም ምክር ቤት አባል የነበረ ሰው ነው። መንደሪቱ ግን ወና ሆና ነበር፤ መኖሪያ ቤቱ አርጅቷል፣ ቤተ ክርስቲያኑም የድርቆሽ ማከማቻ ሆኗል። አረጋዊት እናቱ ሜሪ ይህን ባየች ጊዜ ለራሷ ማረፊያ አልጠየቀችም፤ አስቀድሞ ቤተ ክርስቲያኑ እንዲጸዳ አዘዘች።

በ1626 ኒኮላስ የዲቁና ማዕርግ ተቀበለ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ዲያቆን ሆኖ ኖረ። ሠላሳ ያህል የሆኑት ቤተሰቦቹ መዝሙረ ዳዊትን በየሰዓቱ ከፋፍለው እየደገሙ 150ውን መዝሙር በየዕለቱ ይፈጽሙ ነበር። ሌሊትም በተራ ይተጉ ነበር። መዝሙር በቃላቸው ላጠኑ የአካባቢው ልጆች ለእያንዳንዱ መዝሙር አንድ ፔኒ ይሰጧቸው፣ እሑድም ምሳ ያበሏቸው ነበር።

ኒኮላስ በ1637 ሞተ፤ መቃብሩም ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ፊት ለፊት ነው። ዛሬ ያ መኖሪያ ቤት የለም። በ1714 የታደሰችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያን ግን ቆማለች። በውስጧ መቀመጫዎቹ በግራና በቀኝ ትይዩ ናቸው፤ ለሚያይ ሰው በማኅሌት ጊዜ ፊት ለፊት የሚቆሙትን ሊቃውንቶቻችንን ያስታውሳሉ።

ወገኖቼ፣ የእነዚህ ሰዎች ሃይማኖት ከእኛ ይለያል፤ ትጋታቸው ግን ይወቅሰናል። ዳዊት መድገም ከአባቶቻችን የወረስነው የዘወትር ሥርዓታችን ነው። እኔ ራሴ ዲያቆን ሆኜ ሳለሁ፣ ፈተና ደረሰብኝ ብዬ ዳዊቴን ሳልከፍት ያደርኩባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። የኒኮላስ እናት ግን ከረጅም መንገድ ደክማ ገብታ እንኳ ከራሷ ቤት የእግዚአብሔርን ቤት አስቀደመች።

እንግዲህ እያንዳንዳችን ልባችንን እንመርምር፤ መቅደስ ሊሆን የተሰጠን ልብ የድርቆሽ ማከማቻ ሆኖ ይሆን? ከሆነ ዛሬውኑ እናጽዳው። ከአንድ መዝሙር እንጀምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።