አይቶ መፍራት፣ አይቶ መዳን

የአልበርት ባንዱራ ስም ሲነሣ የሥነ ልቦና ትምህርት የቀመሰ ሁሉ የሚያስታውሰው፣ ሲመቱት ወድቆ የሚነሣውን በአየር የተሞላ አሻንጉሊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመውና 72 ሕፃናት የተሳተፉበት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ልጅ ሳይታዘዝና ሳይሸለም፣ በማየት ብቻ መማታትን እንደሚማር አሳይቷል።

እኔን በሕግ ባለሙያነቴ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የ1965ቱ ጥናት ነው። አሻንጉሊቱን የመታው ሰው ሲቀጣ ያዩ ልጆች ድርጊቱን ብዙም አልደገሙትም። «ያያችሁትን ካሳያችሁን እንሸልማችኋለን» ሲባሉ ግን፣ ሰውየው ሲሸለም ካዩት ልጆች እኩል ደገሙት። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 1 የአጥፊው መቀጣት ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን ይፈልጋል። ቅጣቱ ተመልካቹን ያቅበው ይሆናል፤ ያየውን ግን አያስረሳውም።

ወደ ሕክምናው ልመለስ። ማየት ክፉውን የሚያስተምር ከሆነ፣ ፍርሃትንስ ሊያስለቅቅ አይችልም ወይ? በ1967 ባንዱራና ባልደረቦቹ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸውን ውሻ ፈሪ ልጆች ሰበሰቡ። ለገሚሶቹ አንድ የማይፈራ እኩያቸው ወደ ውሻ ደረጃ በደረጃ እየቀረበ ሲጫወት፣ በአራት ቀናት ውስጥ ስምንት ጊዜ አሳዩአቸው። ከእነዚህ ሁለት ሦስተኛው ያህሉ በመጨረሻ ከውሻው ጋር በአንድ አጥር ውስጥ ብቻቸውን ለመቆየት በቁ። እኩያቸውን ሳያዩ ውሻውን ብቻ ያዩት ልጆች ይህን ያህል አልተለወጡም።

ለአዋቂዎች ማየቱ ብቻ አይበቃም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደምንለው፣ ባንዱራ በ1969 ባሳተመው ጥናት እባብ አጥብቀው የሚፈሩ ሰዎችን አከመ። ሐኪሙ መጀመሪያ ራሱ እባቡን ይይዛል፤ ታካሚው ከሩቅ ያያል። ቀጥሎ ቀረብ ይልና በጓንት፣ ከዚያም በባዶ እጁ ይነካዋል፤ ሐኪሙም እርዳታውን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በዚህ መንገድ ከታከሙት 92 በመቶው ፍርሃቱ ለቀቃቸው። ፊልም ብቻ ያዩት ተሻሻሉ እንጂ እዚህ አልደረሱም።

ለምን? ባንዱራ በ1977 እንዳብራራው፣ ሰው «እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከሁሉ በላይ የሚያገኘው ራሱ ሠርቶ ካየው ነው። ሌላው ሲሠራ ማየት ይከተላል። እኛ የምናበዛው «አይዞህ» ግን ከእነዚህ ሁለቱ ይደክማል። የሐኪሙ እገዛም ቢሆን ከበዛ ታካሚው ድሉን የሐኪሙ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህም በኋለኞቹ ሙከራዎች ሐኪሙ ከክፍሉ ወጥቶ ታካሚው ከእባቡ ጋር ለብቻው የሚለማመድበት ጊዜ ተጨመረ።