የእሳት ዕዳ፦ የብየዳ ሥራና የኃላፊነት መድን

የሰው ልጅ እሳትን ለሥራው ካዋለበት ዘመን ጀምሮ ያልተለየው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም እሳቱ ከለኮሰው ሰው ቁጥጥር ወጥቶ የሌላውን ንብረት ሲያጠፋ ዕዳው የማን ነው የሚለው ነው። ኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 22፣ እሳት ተነሥቶ የሰው ነዶ ቢያቃጥል የለኮሰው ሰው እንዲክስ ያዝዛል። ይህ ጥንታዊ ትእዛዝ በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በአብደራፊ፣ ዛሬም ሩቅ አይደለም። የታጨደው ሰሊጥ ታስሮ በማሳ ላይ በሚደርቅበት ወራት፣ ማረሻና ተሳቢ የሚጠግን በያጅ የሚረጨው ፍንጣሪ የአንድን ገበሬ የዓመት ልፋት ሊያወድም ይችላል።

በሰቲት ሑመራና በአካባቢው ቆላ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የትራክተር እርሻ ሲስፋፋ የጥገና ሥራም አብሮት መጣ። የብየዳ አደጋ ግን በቆላ ብቻ የተወሰነ አይደለም። የኦክስጅንና የአሴቲሊን ነበልባል ሙቀት ከ3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን፣ ፍንጣሪው 10 ሜትርና ከዚያም በላይ ተወርውሮ፣ ሠራተኛው ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ሊቀጣጠል ይችላል። በ1988 ዓ.ም. በጀርመን አገር በዱሰልዶርፍ አውሮፕላን ጣቢያ በብየዳ ምክንያት በተነሣ እሳት 17 ሰዎች ሞተዋል።

በአገራችን የዚህን ዕዳ ዘመናዊ መልክ የወሰነው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚናገረው ክፍሉ፣ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ እንዲክስ ደነገገ። በቁጥር 2069 ደግሞ እጅግ አደገኛ በሆነ የኢንዱስትሪ ሥራ ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ አደረገው። ተራ ብየዳ ከዚህ መደብ ይገባል አይገባም የሚለው ሊያከራክር ይችላል፤ ጥንቃቄ የጎደለው በያጅ በጥፋቱ መጠየቁ ግን አያከራክርም። ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ያደረሰው ጉዳትም ለአሠሪው ይተርፋል።

ሕጉ ዕዳውን ወሰነ እንጂ ለባለዕዳው መክፈያ አልሰጠውም። አንድ የብየዳ ጀኔሬተርና ጥቂት መሣሪያ ያለው ባለሱቅ የተቃጠለ የሰሊጥ ክምር ዋጋ ክፈል ተብሎ ቢፈረድበት፣ ፍርዱ ለተጎጂው ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ጉድለት መድኃኒቱ በዚያው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ውስጥ ይገኛል። ሕጉ የኃላፊነት መድንን ከሌሎቹ የመድን ውሎች ለይቶ ሲያዋቅር፣ የመድን ገንዘቡ ለተጎጂው ሦስተኛ ወገን እንዲደርስ ጥበቃ አድርጓል። ስለሆነም ይህ ውል የባለሱቁን ሀብት ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ነዶ ይጠብቃል።

የአገራችን የመድን ሥራ በውጭ ኩባንያዎች ወኪልነት ተጀምሮ፣ በ1943 ዓ.ም. ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ ኩባንያ ተቋቋመ። በ1967 ዓ.ም. 13 ኩባንያዎች ተወርሰው፣ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሥራቸውን ተረከበ። በአዋጅ ቁጥር 86/1986 የግል ኩባንያዎች እንደገና ተፈቀዱ። በ2000 ዓ.ም. የተሽከርካሪ ባለቤቶች የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገቡ በአዋጅ ሲገደዱ፣ ሕግ አውጪው አንድ ትልቅ እውነት ተቀብሏል፦ አደጋው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን የተጎጂው ካሣ ለዕድል መተው የለበትም።

ይህ እውነት ለበያጁም ይሠራል። ይሁን እንጂ ውሉን የሚሸጠው ባለሙያ ሦስት ነገሮችን ግልጽ ማድረግ ይገባዋል። አንደኛ፣ የሠራተኛው ጉዳት ለብቻው የሚታይ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪውን ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ይጠይቀዋልና። ሁለተኛ፣ ለጥገና የገባው ትራክተር በበያጁ እጅ ያለ ንብረት ስለሆነ፣ ተራ የሦስተኛ ወገን ውል ብዙ ጊዜ አይሸፍነውም። ሦስተኛ፣ ስለ ጥንቃቄ የተጻፉ ግዴታዎች፣ ማለትም ደረቅ ነገርን ማራቅ፣ ውኃና አሸዋ ማዘጋጀት፣ ከሥራ በኋላ እሳቱን መጠበቅ፣ ካልተፈጸሙ ክፍያው ሊያከራክር ይችላል። እነዚህን በቆላው ገበያ፣ በበያጁ ቋንቋ፣ ከፊርማው በፊት ያስረዳ ባለሙያ ሁለት ቤት ከጥፋት ያድናል፦ የለኮሰውንም የተቃጠለበትንም።